ከጂዛን ስልኮች በስተጀርባ፦ ክፍት ሶፍትዌር ዕውቀትን በጋራ የሚገነባበት መንገድ

በደቡብ ምዕራብ ሳዑዲ ዐረቢያ፣ ከሰብያ ጀምሮ በጂዛንና በአቡ አሪሽ፣ በአሐድ አል-መሳሪሓና በሳምጣ በኩል እስከ የመን ድንበር እስከ አል-ጡዋል ድረስ ባለው ምድር አማርኛና ዐረብኛ በየዕለቱ ይገናኛሉ። በእርሻ፣ በከብት ጥበቃ፣ በግንባታና በቤት ውስጥ ሥራ የተሠማሩ ኢትዮጵያውያን ከአሠሪያቸው፣ ከመድኃኒት ቤት ሠራተኛውና ከሐኪሙ ጋር ሲነጋገሩ በመካከል ቆሞ የሚያስተረጉመው ብዙውን ጊዜ የእጅ ስልክ ነው። ስልኩ በግዕዝ ፊደል ይጽፋል፤ ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄደውንም የዐረብኛ ጽሑፍ ያሳያል። ይህን ችሎታ የሰጠው አንድ ኩባንያ ብቻውን አይደለም። በአንድሮይድ ስልክ ውስጥ ካሉት መሠረታዊ ክፍሎች ብዙዎቹ፣ ከሊኑክስ ጀምሮ ፊደላትን በማያ ገጹ ላይ እስከሚደረድረው መሣሪያ ድረስ፣ በልዩ ልዩ አገሮች የሚኖሩና እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሰዎች በጋራ የሠሯቸው ምንጨ ክፍት ሶፍትዌሮች ናቸው።

ምንጨ ክፍት ሶፍትዌር ሲባል የፕሮግራሙን ኮድ ማንም እንዲያነበው፣ እንዲያሻሽለውና እንዲያሰራጨው የተፈቀደ ማለት ነው። ያለ ክፍያ መገኘቱ ሁለተኛ ጉዳይ ነው። ፈቃዱ በጽሑፍ የሠፈረ የሕግ ሰነድ ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል በሰፊው የሚታወቀው የግኑ አጠቃላይ የሕዝብ ፈቃድ የመጀመሪያ እትሙ በ1989 ወጣ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሂጅራ ካልተባሉ በቀር በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለው ፊንላንዳዊ ተማሪ ሊኑክስን በ1991 ለሕዝብ ባቀረበ ጊዜ ሥራው የአንድ ሰው ጅምር ነበር፤ ዛሬ ከስልክ እስከ ታላላቅ የመረጃ ማዕከላት የሚሠራበት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በየዘመኑ ስላረሙት ነው።

የእነዚህ ማኅበረሰቦች ልዩ ጠባይ ከኮዱ ይልቅ በእርማቱ አያያዝ ይታያል። አንድ ሰው ስሕተት ሲያገኝ ስሕተቱ እንዴት እንደሚታይ ይጽፋል። ሌላው ማስተካከያ ያቀርባል፤ ሦስተኛው ማስተካከያውን መርምሮ ይቀበላል፣ ይመልሳል ወይም እንዲሻሻል ይጠይቃል። ቶርቫልድስ በ2005 የጀመረው ጊት የተባለው መሣሪያ እያንዳንዱን ለውጥ ማን፣ መቼና ለምን እንዳደረገው ከነመልእክቱ መዝግቦ ያኖራል። ስለዚህ ከዐሥር ዓመት በኋላ የሚመጣ ሰው አንድ መስመር እንዲህ የተጻፈበትን ምክንያት ማግኘት ይችላል፤ ምክንያቱ ካላሳመነውም መልሶ ይከራከራል። በሽማግሌዎች ዘንድ በቃል የሚተላለፍ ሙያ ሽማግሌው ሲያልፍ ከነምክንያቱ ሊጠፋ ይችላል። እዚህ ግን ውሳኔውም፣ ለውሳኔው የተደረገው ክርክርም፣ ያልተሳካው ሙከራም ሳይቀር በአንድነት ይቀመጣሉ።

የግዕዝ ፊደል ወደ ኮምፒዩተር የገባበት ታሪክ የዚህ አሠራር ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ግዕዝን በላቲን ፊደላት ወክሎ ለመጻፍ የሚያስችል ሴራ የተባለ ሥርዓት አዘጋጁ። በዘመኑ እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም የራሱ ስውር ቁጥሮች ስለነበሩት በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ሴራ በእነዚህ መካከል ድልድይ ሆነ። በመስከረም 1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ቦታዎችን ሰጠ፤ ከዚያ ወዲህ «ሰ» የሚለው ፊደል በአዲስ አበባም ሆነ በሳምጣ በሚገኝ ስልክ አንድ ቁጥር አለው። ሥራው ግን በዚያ አላበቃም። ለብሊን፣ ለመኤንና ለሰባት ቤት የሚያስፈልጉ ፊደላት በ2005፣ ለጋሞ፣ ለጎፋ፣ ለዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ የሚያስፈልጉት በ2010፣ ተጨማሪ የጉራጌ ፊደላት ደግሞ በ2021 ገቡ። የጎደለውን ያመለከቱት ቋንቋውን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ ማመልከቻዎቻቸውም ከነማስረጃቸው ዛሬም ይነበባሉ።

ዩኒኮድ ቁጥሩን ይሰጣል እንጂ መልኩን አይስልም። መልኩን የሚሰጡት ቅርጸ ፊደላት ናቸው፤ አቢሲኒካና ኖቶ የተባሉት የግዕዝ ቅርጸ ፊደላት ማንም እንዲጠቀምባቸውና እንዲያሻሽላቸው በክፍት ፈቃድ ተሰራጭተዋል። የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ያዘጋጀው የአማርኛ ገበታም ኪማን በተባለው ምንጨ ክፍት የመጻፊያ ሥርዓት ውስጥ ይገኛል። በዐረብኛ በኩልም ተመሳሳይ ጉዞ ነበረ። ዐረብአይዝ የተባለው በ2001 የተመሠረተ የበጎ ፈቃደኞች ፕሮጀክት የሊኑክስን ፕሮግራሞች ወደ ዐረብኛ ሲተረጉም የቴክኒክ መዝገበ ቃላትም አዘጋጅቷል። ግብፃዊው ኻሊድ ሑስኒ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ በካይሮ የቡላቅ ማተሚያ ቤት ከተቀረጸው ፊደል ተነሥቶ አሚሪ የተባለውን ክፍት ቅርጸ ፊደል ሠራ። የዐረብኛ ፊደል በቃሉ መነሻ፣ መካከልና መድረሻ መልኩን ስለሚለዋውጥ ሀርፍባዝ የተባለው ክፍት መሣሪያ ፊደላቱን አያይዞ ይደረድራቸዋል። ግዕዝ እንዲህ ያለ ማያያዝ አይሻም፤ ነገር ግን በአንድሮይድም ሆነ በፋየርፎክስ ሁለቱም ጽሑፎች በዚሁ አንድ መሣሪያ እጅ ያልፋሉ።

ፊደሉ ከተስተካከለ በኋላ የቀረው ችግር ጊዜ ነው፤ ለጂዛን ነዋሪ ደግሞ ይህ ከፊደሉ ይበልጥ የሚያሳስብ ነው። በሆስፒታል የቀጠሮ ወረቀት ላይ በዐረብኛ «አስሳዓ አስሳሚና ሰባሓን» ተብሎ ቢጻፍ፣ በኢትዮጵያ አነጋገር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ማለት ነው። ስልኩ ግን ቁጥሩን ብቻ ይዞ «8 ሰዓት» ብሎ ሊተረጉመው ይችላል። ባለቀጠሮው እንደ አገሩ ልማድ ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ብሎ ከሄደ፣ በስድስት ሰዓት ዘግይቷል።

መፍትሔው ስድስት መቀነስ ብቻ ይመስላል፤ አይደለም። ሐኪሙ «ሰማኒ ሳዓት» ካለ መድኃኒቱ በየስምንት ሰዓቱ ይወሰዳል ማለቱ ነው፤ በዚህ ጊዜ ቁጥሩ ምንም ሊነካ አይገባም። ዐረብኛ የሰዓቱን ቦታ በደረጃ ቁጥር («ስምንተኛዋ ሰዓት»)፣ የሰዓቱን ርዝመት በመቁጠሪያ ቁጥር («ስምንት ሰዓታት») ስለሚናገር ሁለቱን ይለያል። በአማርኛ «ስምንት ሰዓት» ለሁለቱም ይሆናል። ይህን ልዩነት የሚያውቅ ሰው ሁለቱን ቋንቋዎች አንድ ላይ የሚናገር ሰው ነው፤ ኮዱን የጻፈው መሐንዲስ ሊያውቀው የሚችለው ነግረውት ነው።

የሚገርመው፣ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ለዚህ አካባቢ ሰው ፈጽሞ እንግዳ አለመሆኑ ነው። በዐረቢያ ምድር እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ሰዓት ከፀሐይ ግባት ጀምሮ ይቆጠር ነበር። የጂዛን አያቶች የማታውን አንድ ሰዓት ሲሉ ፀሐይ ከጠለቀች አንድ ሰዓት መሆኑን ማለታቸው ነበር፤ ከኢትዮጵያዊው የምሽት አንድ ሰዓት ብዙም አይርቅም።

ስለ ቀን መቁጠሪያ ግን ክፍት ሶፍትዌሩ ሊመሰገን ይገባል። በጂዛን የሚሠራ ኢትዮጵያዊ በሦስት አቆጣጠር ይኖራል፤ የሂጅራው የኡሙል ቁራ፣ የጎርጎርዮሳዊውና የአገሩ። አይሲዩ የተባለው ምንጨ ክፍት ቤተ ኮድ ሦስቱንም ይዟል። ከአይቢኤም ተነሥቶ በ2016 ወደ ዩኒኮድ ማኅበር የገባው ይህ ሥራ በብዙ ስልኮች ውስጥ ያለ ስም የሚያገለግል ነው። የኡሙል ቁራ ወራት በቀላል ቀመር ስለማይገኙ ከ1300 እስከ 1600 ዓመተ ሂጅራ ያሉት በሠንጠረዥ ገብተዋል። በኢትዮጵያው በኩል ደግሞ ዐሥራ ሦስቱ ወራት ከጳጉሜን ጋር፣ ዓመተ ምሕረት ብቻ ሳይሆን ዓመተ ዓለምም አሉ። ዓመተ ዓለምን ማስታወስ የባሕረ ሐሳብ ዕውቀት ያለው ሰው በሥራው ውስጥ እንደነበረ ያመለክታል። የሰዓት አቆጣጠሩ ግን ይህን ዕድል አላገኘም፤ በተለመዱት ስልኮች ቋንቋው አማርኛ ሲሆንም ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሚነበበው ስምንት ነው።

የቃላቱና የቀናቱ ስም የሚወሰንበት ሲኤልዲአር የተባለው የዩኒኮድ የጋራ መዝገብ ነው። «ጥዋት» እና «ከሰዓት» የሚሉት የስልክ ቃላት ከዚያ ይመጣሉ። ማንም ባለሙያ በእንግድነት ተመዝግቦ ሐሳብ ማቅረብና ድምፅ መስጠት ይችላል። የእንግዳው ድምፅ ግን አንድ ሲሆን፣ አባል ድርጅቶች የሚልኳቸው ተርጓሚዎች ድምፅ ከዚያ ይከብዳል። ክፍት የሚለው ቃል እኩል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። አከራካሪ የሆኑት ጥያቄዎችም ጥቂት አይደሉም። ስልክ ተጠቃሚውን «ክፈት» ብሎ እንደ ወንድ ያዝዘው ወይስ «ይክፈቱ» ብሎ ያክብረው? ለማጥፋትም ሥራን ለማቋረጥም «ሰርዝ» ቢባል ያልተለማመደች ተጠቃሚ ፎቶዎቿን ልታጣ አትችልም? እነዚህን የመዝገበ ቃላት ባለሙያ ብቻውን አይፈታቸውም፤ የተጠቃሚዋ ቅሬታም ማስረጃ ነው።

ሌላው ችግር ፍለጋ ነው። «ሐኪም» እና «ሀኪም»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ሐሰን የተባለ ሰው በአንድ መዝገብ በሐመሩ «ሐ»፣ በሌላው በሃሌታው «ሀ» ከተጻፈ ሁለት ሰው ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። ዐረብኛም የራሱ ተመሳሳይ ችግር አለበት፤ ባለ ሐምዛውና ያለ ሐምዛ የሚጻፈው አሊፍ፣ በቃል መጨረሻ ያሉት «ታ መርቡጣ» እና «ሀ» ይለዋወጣሉ። ሉሲን የተባለው ምንጨ ክፍት የፍለጋ ቤተ ኮድ የዐረብኛውን አለማመሳሰል የሚያስተካክል ክፍል አለው፤ የአማርኛ አቻው ግን በዋናው ስብስብ ውስጥ የለም። ማይክል ጋሰር የተባሉት የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ምሁር ያዘጋጁት ሆርንሞርፎ የአማርኛን፣ የትግርኛንና የኦሮምኛን ቃላት ወደ ሥርና ቅጥያ የሚተነትን ክፍት ፕሮግራም ነው፤ በዚህ ዘርፍ ዘመናትን የተሻገረ ሥራ ሆኖ ይኖራል።

ፊደላቱን አዋህዶ የማስተካከል ልማድ ያላቸው ብዙ የአማርኛ ፕሮግራሞች አሉ። ለፍለጋ ይጠቅማል፤ ለዐረብኛ ተርጓሚ ግን ኪሳራ አለው። ከዐረብኛ የመጣ ስም «ሐ» ወይም «ሀ» መሆኑ በዐረብኛው የትኛው ፊደል እንደነበረ የሚነግር ምልክት ነው። ስሙ ወደ ዐረብኛ ሲመለስ ይህ ምልክት ከጠፋ መዝገቡ ሊሳሳት ይችላል።

በዐረብኛና በአማርኛ መካከል የሚደረገው የማሽን ትርጉም ገና ቀጭን ነው። ሁለት ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ጥናት ለእነዚህ ሁለት ቋንቋዎች ጥንድ የሚሆን ሥርዓት ኦፕንኤንኤምቲ በተባለው ክፍት መሣሪያ ሠሩ። ማሽኑ የሚማርበት ጎን ለጎን የተቀመጠ ጽሑፍ ግን አልነበረም። ያገኙት ታንዚል በተባለው ክፍት የቁርኣን ጽሑፍ ፕሮጀክት ከነትርጉሙ የተቀመጠውን ሆነ፤ እርሱንም ለሥራው እንዲመች አሰናድተው ተጠቀሙበት። ብሉ በሚባለው የትርጉም መለኪያ የተሻለው ሞዴላቸው 12፣ ሁለተኛው 11፣ ለንጽጽር የቀረበው የጉግል ትርጉም 6 ነጥብ አገኙ። ውጤቱ ሁለት ነገር ይነግራል፤ በጥቂት ሰዎች ክፍት መሣሪያ ትልቁን ኩባንያ በአንድ ዘርፍ መቅደም ይቻላል፤ የተገኘው ነጥብ ግን በራሱ ዝቅተኛ ነው። በቅዱስ መጽሐፍ ጽሑፍ የተማረ ማሽን ስለ ጀነትና ስለ ምሕረት ብዙ ቃላት ያውቃል፤ ስለ ስኳር በሽታ መርፌ ግን አልተማረም።

በ2022 ሜታ ወደ 200 ለሚጠጉ ቋንቋዎች ያወጣው የትርጉም ሞዴል አማርኛንና ዐረብኛን በቀጥታ ያገናኛል። ለመለኪያነት የተዘጋጀው ስብስቡ በየቋንቋው የተተረጎሙ 3,001 ዓረፍተ ነገሮች አሉት፤ ሁሉም መነሻቸው እንግሊዝኛ ነው። ሞዴሉ ለንግድ እንዳይውል ስለተከለከለ በጥብቅ አነጋገር ምንጨ ክፍት ሊባል አይችልም፤ ጋዜጦች ግን ብዙ ጊዜ እንደዚያ ይሉታል።

እንግሊዝኛን መሸጋገሪያ ማድረግ በእነዚህ ሁለት ቋንቋዎች ላይ የተለየ ጉዳት ያደርሳል። ሐኪሙ ለታማሚዋ «ኹዚ» ሲላት አማርኛው «ውሰጂ» ነው፤ ለወንዱ «ኹዝ» ሲለው «ውሰድ» ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች ሴትና ወንድን በትእዛዝ ግሥ ይለያሉ፤ እንግሊዝኛ አይለይም። በመካከሉ ካለፈ ማሽኑ መገመት አለበት፤ ብዙ ጊዜም ወንድ ብሎ ይገምታል። ዘመዳሞቹ ቋንቋዎች፣ «ራስ»ን፣ «ዐይን»ን፣ «ደም»ን በአንድ ሥር የሚጠሩት፣ በሩቅ ጎረቤት አማካይነት ሲነጋገሩ የነበራቸውን ያጣሉ። በሌላ በኩል እንግሊዝኛም አማርኛም የማይለዩትን ዐረብኛ ይለያል፤ «አጎት» ሲባል የአባት ወንድም «ዐም» ነው ወይስ የእናት ወንድም «ኻል»? ለቤተሰብ ማስረጃ ይህ ትንሽ ጥያቄ አይደለም።

የጋራ ሥራ የራሱ ድካም እንዳለው በመጋቢት 2024 በግልጽ ታይቷል። ኤክስዜድ የተባለ ፋይል የሚያጨምቅ ፕሮግራም በብዙ የሊኑክስ ሥርዓቶች ውስጥ ነበረ፤ የሚንከባከበው ግን በዋናነት አንድ የደከመ በጎ ፈቃደኛ ነበር። አንድ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ ጠቃሚ እርማት እያቀረበ እምነት ካተረፈ በኋላ የተደበቀ በር አስገባ። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለው መሐንዲስ ወደ ኮምፒዩተር ለመግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አጠራጥሮት መረመረ፤ በሩንም አገኘው። ኮዱ ክፍት ባይሆን ምርመራው እጅግ አስቸጋሪ ይሆን ነበር፤ ክፍት መሆኑ ብቻም አልጠበቀውም።

ጂዛን ለእንዲህ ያለ የጋራ ዕውቀት እንግዳ አይደለችም። በፈይፋና በአል-ዳይር ተራሮች በእርከን የሚለማው የኸውላኒ ቡና የአመራረት ዕውቀትና ልምድ በ2022 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ቡናው ከባሕር ማዶ ከኢትዮጵያ የተነሣ ተክል ነው፤ ዕውቀቱም በቤተሰብና በጎረቤት መካከል ሲተላለፍ የኖረ ነው። ልዩነቱ በመዝገቡ ላይ ነው። ገበሬው የቅርንጫፉን መቁረጫ ጊዜ ለምን እንደለወጠ የሚያውቀው እርሱና ልጁ ናቸው።

በድንበሩ ከተሞች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለሶፍትዌሩ ሊያቀርቡት የሚችሉት ዕውቀት በሌላ ስፍራ በቀላሉ አይገኝም። «ኢቃማ»፣ «ከፊል» እና «ጀዋዛት» የሚሉትን ቃላት ሳይተረጉሙ በአማርኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይጠቀሙባቸዋል፤ የተማረው ማሽን ግን ሊተረጉማቸው ይሞክራል። የሚሰሙት ዐረብኛም የመጽሐፉ አይደለም። በጂዛንና በቲሃማ ሜዳ የሚነገረው ዐረብኛ «አል» በሚለው መስተአምር ምትክ «አም» ይላል፤ «አል-በይት» የሚለው ቤት «አም-በይት» ይሆናል። በመደበኛ ዐረብኛ የተማረ የንግግር መለያ ይህን ሲሰማ ሊደናገር ይችላል፤ በሳምጣ ገበያ ቋንቋውን በጆሮው የለመደ ኢትዮጵያዊ ግን አይደናገርም።

ሞዚላ በ2017 የጀመረው ኮመን ቮይስ ድምፅ የሚሰበስብ ክፍት ፕሮጀክት ሲሆን አማርኛም ዐረብኛም ከቋንቋዎቹ መካከል ናቸው። ዓረፍተ ነገሮቹን የሚያቀርቡት ራሳቸው ተናጋሪዎቹ ናቸው፤ ሌሎች ያነቧቸዋል፤ የተነበበውንም ሌሎች ያዳምጡታል። «አም-በይት» የሚል ዓረፍተ ነገር አንድ ሰው ጽፎ ካስገባው፣ ሌላው በጂዛን አነጋገር ካነበበው፣ ሁለት አድማጮችም ትክክል ነው ካሉ፣ ቅጂው ማንም ያለ ክፍያ በሚወስደው ስብስብ ውስጥ ይቀመጣል።